ከካቶሊክ ትምህርት ቤት ለአምደወርቅ የሚበጀው የትኛው ነው?

በአዲስ አበባ የምዝገባ ወራት በደረሰ ቍጥር ልጁን ከአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለማስገባት የማይመኝና ደጅ የማይጠና የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ናዝሬት፣ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ልደታ ካቴድራል የሚባሉት ስሞች በወላጆች ዘንድ እንደ ትልቅ ማዕርግ ይጠራሉ። ነገሩ የሃይማኖት እንዳይመስለን፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የካቶሊክ ምእመናን ቍጥር ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፣ 0.7 ብቻ ነበር። ስለዚህ በነዚህ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ የሚቆመው ወላጅ አብዛኛው ወይ ኦርቶዶክስ ነው፣ ወይ ሙስሊም ነው፣ ወይ ፕሮቴስታንት ነው። ሕገ መንግሥቱም በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከማናቸውም ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ስላዘዘ፣ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት መንግሥት ያወጣው ሥርዐተ ትምህርት ነው። መጽሐፉ አንድ፣ ፈተናው አንድ ከሆነ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ይህን ለጠየቅነው ሰው ሁሉ መልሱ ከሁለት አያልፍም። አንዱ «እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ቍጥጥራቸው ጥብቅ ነው» ይላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን የነገሩን ቅርፊት እንጂ ፍሬውን አልነኩም ብለን እናምናለን። ይህም ስሕተት በአዲስ አበባ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዙ ባላሳሰበን ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ ተማሪ፣ ነገ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኀላፊ የሚሆነው ወጣት ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ወደ ገጠር ይወርዳል። «ጥሩ ትምህርት ቤት ማለት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ነው» የሚለው እምነት አብሮት ይሄዳል። ከሚደርስባቸውም ስፍራዎች አንዷ አምደወርቅ ናት።

አምደወርቅ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። ከሰቈጣ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የሚያገኛት ይህች የደጋ ከተማ፣ ተከዜና ገባሮቹ በቈራረጡት አገር ውስጥ ያለች ስለሆነ፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው መሄድ ማለት ገደል መውረድና ገደል መውጣት ማለት ነው። በገበያዋ አማርኛም ኽምጣናም ይሰማል። በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች የሚመጣው ሕፃን በቤቱ ኽምጣና ሲናገር ያድግና በገበያ አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ የላቲን ፊደል ተለጥፎ ያገኘዋል። አገሩ በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ድርቅ የማያውቅ የለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዋግ ኽምራ አልፎ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ጐድቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል።

እንግዲህ የዋግ ልጅ የሚያገኘው የትምህርት ጊዜ አጭርና የተቈራረጠ ነው። ዘንድሮ ተከፍቶ ለከርሞ የሚዘጋ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ መጥቶ ነገ ከብት ጥበቃ የሚሄድ ተማሪ ባለበት አገር፣ «በየትኛው ቅደም ተከተል፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ምን ያህሉን እናስተምር?» የሚለው ጥያቄ የመምህራን ኮሌጅ ወረቀት ማሳመሪያ አይደለም። ልጁ ሁለት ዓመት ተምሮ ቢያቋርጥ እንኳ ማንበብና መቍጠር ይዞ ይወጣል ወይስ ባዶ እጁን ይወጣል የሚለው የሚወሰነው በዚሁ ነው።

በአገር ደረጃም ብናየው ነገሩ የሚያስደነግጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ደረሰ። ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጮህ ጀመረ። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ የንባብ ችሎታ ሲመረመር፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ተገልጾ ነበር። በዚያን ዓመት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ ሳያቋርጥ ቢማር ኖሮ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍሉ ጕድ ከአሥር ዓመት በፊት በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እንመለስ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የሚመራው ማኅበር የላሳል ወንድሞች ማኅበር ይባላል። መሥራቹ ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1651 በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ ተወልዶ በ1719 የሞተ ቄስ ነው። ሮም በ1900 ቅዱስ ብላ ሠየመችው፤ በ1950 ደግሞ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ተብሎ ታወጀ። ይህ ሰው የባለጠጋ ልጅ ሆኖ ሳለ የድኾችን ልጆች ለማስተማር ሀብቱን ሰጥቶ የቀረ ነው። የእርሱ ማኅበር በተመሠረተበት ጊዜ በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ያንድ ልጅ ንባብ የሚጀመረው በላቲን ነበር። ልጁ የማይሰማውን ቋንቋ ፊደል እየቈጠረ ዓመት ሁለት ዓመት ይቈይና፣ ከዚያ በኋላ ነው በአፍ መፍቻው በፈረንሳይኛ እንዲያነብ የሚፈቀድለት።

ላሳል ይህን ገለበጠው፤ መጀመሪያ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ላቲን አለ። በዘመኑ ከነበሩት ጳጳሳት መካከል ይህን ያልወደዱለት ነበሩና ምክንያቱን ማስረዳት ነበረበት። ምክንያቱም የሊቅ ፍልስፍና ሳይሆን የድኻ ቤት ሒሳብ ነው። የድኻ ልጅ በትምህርት ቤት የሚቈየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ እጁ ለሥራ እንደ ጠነከረ አባቱ ይወስደዋል። በላቲን የጀመረ እንደ ሆነ ላቲኑንም ሳይጨርስ፣ ፈረንሳይኛውንም ሳይጀምር ይወጣል። በሚሰማው ቋንቋ የጀመረ እንደ ሆነ ግን ፊደሉንና ቃሉን ቶሎ ስለሚያገናኝ፣ ባጭር ጊዜ ለኑሮው የሚሆነውን ይዞ ይሄዳል፤ ቢቈይ ደግሞ ላቲኑ ይቀልለታል። በላቲን ቦታ እንግሊዝኛን፣ በሬምስ ቦታ አምደወርቅን አስገብታችሁ ይህን ነገር እንደገና አንብቡት።

እንግዲህ ዛሬ «የካቶሊክ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፤ ገና ከሕፃንነቱ በእንግሊዝኛ ይጀምራል» እያለ የሚያመሰግነው ሰው፣ የዚህን ሰው ልፋት በተቃራኒው ተርጕሞታል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ያለው ልጅ በቤቱ ቴሌቪዥን አለው፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አባት አለው፣ የሚያስጠናው ሰው በወር ደመወዝ ይቀጠርለታል። የእንግሊዝኛው ነገር ለርሱ አይከብደውም ይሆናል። ይህንንም እንናገር፤ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የሚያገኙት ጥሩ ውጤት በከፊል የሚቀበሉት ልጅ ውጤት ነው። የተማረ ቤተሰብ ልጅ ተቀብሎ የተማረ ልጅ ማውጣት ከባድ ተአምር አይደለም።

ሁለተኛው የላሳል ሥራ በክፍል ውስጥ ያለውን ጊዜ የተጠቀመበት መንገድ ነው። ከርሱ በፊት በነበረው ልማድ መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ያስነብባል፤ አንዱ ሲነበብ ሌላው ይጫወታል ወይም ያንቀላፋል። ይህን እኛም እናውቀዋለን፤ የቄስ ትምህርት ቤታችን ልማድ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ግን የጐደለውን የሚሞላ ነገር አለ፤ ከፍ ያለው ልጅ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህ የለም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ልጆቹ 60 ቢሆኑ፣ መምህሩ አንድ በአንድ ላስነብብ ቢል ለያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ዛሬ የሚደረገው መምህሩ ከሰሌዳው አንብቦ ልጆቹ በኅብረት እንዲከተሉት ነው። ድምፁ ከሩቅ ለሚሰማው ደስ ይላል፤ ከስድሳው ስንቱ እንዳነበበና ስንቱ ጓደኛውን ሰምቶ እንዳስተጋባ ግን የሚያውቅ የለም።

የላሳል ሥርዐት እንዲህ አይደለም። ልጆቹ በችሎታቸው ይመደባሉ፤ በአንድ ምድብ ያሉት ሁሉ አንድ ዐይነት መጽሐፍ በእጃቸው ይይዛሉ። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ በልባቸው ይከተላሉ። መምህሩ በእጁ በያዘው ትንሽ የእንጨት መሣሪያ ምልክት ሲሰጥ የሚያነበው ያቆማል፣ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ዐይኑን ከመጽሐፉ የሚያነሣ የለም። መምህሩም ጕሮሮውን ሳይጐዳ፣ ብዙ ሳይናገር ክፍሉን ይመራል። አንዱን የንባብ ደረጃ በሚገባ ያልያዘ ልጅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ መሻገር መቻሉ በየጊዜው ይፈተናል። ይህም እኛ ከምናውቀው ብዙ አይርቅም። ፊደሉን ቈጥሮ ሳይጨርስ ፊደለ ሐዋርያ የሚሰጠው፣ ግእዝ ንባቡና ውርድ ንባቡ ሳይስተካከልለት ወደ ቁም ንባብ የሚገባ የቄስ ተማሪ የለም። ዳዊት ደገመ የተባለ ልጅ በእውነት ደግሟል። ይህ የአባቶች ጥብቅነት በዘመናዊው ትምህርት ቤት ውስጥ በነጻ ዝውውር ሲተካ ምን እንዳገኘንበት አይገባንም።

ይህ አሠራር ግን አንድ የማይቀር ነገር ይጠይቃል፤ እርሱም መጽሐፍ ነው። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ ያውም አንድ ዐይነት መጽሐፍ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት በመላው አገር ሲያነጋግር ቈይቷል። ከተማ ያለው ወላጅ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ አባዝቶ፣ ጠርዞ ለልጁ ይሰጣል። በአምደወርቅ ዙሪያ ያለው ወላጅ ይህን እንዲያደርግ የሚጠብቅ ሰው ካለ አገሩን አያውቅም።

የጽሕፈቱና የሒሳቡ ነገርም ሊታይ ይገባዋል። ላሳል የጻፈው የትምህርት ቤቶች መመሪያ ልጆቹ ማንበብ ከቻሉ በኋላ ጽሕፈትን የሚለማመዱት ለኑሮ በሚጠቅም ወረቀት እንዲሆን ያዛል። ደረሰኝ፣ የብድር ውል፣ የኪራይ ውል፣ ደብዳቤ እየገለበጡ ይጽፋሉ፤ ከዚያም ራሳቸው እንዲያረቁ ይደረጋል። በዚህ መንገድ ሰዋስውን፣ ጽሕፈትንና የዕለት ኑሮን በአንድ ወረቀት ላይ ያገኙታል። እናንተ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ማመልከቻውን ራሱ መጻፍ ስላልቻለ፣ በጽሕፈት ቤታችሁ ደጃፍ ለተቀመጠው ራቅ ብሎ ለመጣው ጸሐፊ ገንዘብ የሚከፍል ስንት ሰው አይታችኋል? የዋግ ማር ስሙ የታወቀ ነው። አምስት ኪሎ ማር በዚህን ያህል ዋጋ ሸጥሁ፣ ለቆጥ ማበጃና ለጨው ይህን አወጣሁ፣ ይህ ተረፈኝ ብሎ ጽፎ ማስላት ለአራተኛ ክፍል ልጅ የሒሳብም የጽሕፈትም ትምህርት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ምሳሌ ስለ ባቡር ፍጥነት ቢሆንም መምህሩ ማሩን እንዳያነሣ የሚከለክለው የለም።

ስለ ቀሪ ተማሪዎችም መመሪያው ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ይህን ስናይ በጣም ነው የተገረምነው። ሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ልጁ ለምን እንደሚቀር አንድ በአንድ ያነሣል። ወላጁ ትምህርቱን ስለሚንቅ ነውን? ልጁ ለሥራ ስለሚፈለግ ነውን? መምህሩን ስለማይወድ ነውን? ለእያንዳንዱም የተለየ መድኀኒት ይፈልግለታል፤ ወላጁንም ማነጋገር እንደሚገባ ያዛል። እኛ ዘንድ የቀረ ልጅ በስም መጥሪያው ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱም በሰኔ ይደመርና በዘገባው ላይ «መጠነ ማቋረጥ» ተብሎ ይወጣል። በደሃና ያለ መምህር ልጁ የቀረው ከብት ሊጠብቅ መሆኑን ያውቃል። ከብቱ ደግሞ እንዲያው አይቀመጥም፤ ሰው ይሻል። ስለዚህ ትምህርቱ ከእርሻውና ከጥበቃው ጋራ የሚስማማበትን ሰዓት መፈለግ የወረዳው ሥራ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ የዋግ ሰው አንድ ነገር በልቡ ሳይመላለስ አይቀርም። «ካቶሊክ» የሚለው ቃል በላስታና በዋግ ጆሮ ባዶ ቃል አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ባወጁ ጊዜ ከሁሉ በርትቶ የተነሣው የዋግ ጎረቤት የላስታ ሕዝብ ነው። በመልክአ ክርስቶስ መሪነት የተነሣው ላስቴ በ1624 ዓ.ም. ሰኔ ወር በወይና ደጋ በብዙ ሺሕ ሙት ተሸነፈ፤ ዳሩ ግን ንጉሡ ራሳቸው የሬሳውን ብዛት ካዩ በኋላ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ። እንግዲህ ካቶሊክ ከዚህ አገር የተባረረው በላስቶች ደም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ያው ታሪክ ለኛ ጉዳይ ምስክር ይሆናል። በ1595 ዓ.ም. የመጣው ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ ተምሮ፣ በፍሬሞና ሕፃናትን ሰብስቦ በሚሰሙት ቋንቋ በጥያቄና መልስ ያስተማረ ሰው ነው። የልጆቹ መልስ በቤተ መንግሥት ሳይቀር አስደንቋል። በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት ይቀበሉ፣ በዓላቱ ይለወጡ አለ። የመጀመሪያው በሰው ቋንቋ ገብቶ ተደመጠ፤ ሁለተኛው በሰው ላይ ሊጭን መጥቶ አገሩን አቃጠለ። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጣው ጉሊየልሞ ማሳያም፣ አባ መስያስ የሚባለው፣ ለባልንጀሮቹ ሚስዮናውያን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ጽፎ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1867 በፓሪስ አሳትሟል። መምህሩ አስቀድሞ የተማሪውን ቋንቋ ይማር ማለቱ ነው። የካናዳ ኢየሱሳውያንም በ1945 በነርሱ አቈጣጠር መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያስተምሩ፣ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው የካህን ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር በኮትና በሱሪ ይገቡ ነበር። ሃይማኖቱን ሳይቀበሉ የማስተማር ጥበቡን መቀበል እንደሚቻል ይህ አገር ካወቀ ሰነባብቷል። እኛም በአምደወርቅ የሚስዮን ትምህርት ቤት ይከፈት እያልን አይደለም። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ጥበቡን ይውሰድ ነው የምንለው።

ለደጋ አገር ድኻ ልጆች የሚቀርብ ሌላ የካቶሊክ ቄስ ምሳሌ ደግሞ አለ። ሎሬንዞ ሚላኒ የሚባል ኢጣልያዊ ቄስ በ1954 በፈረንጅ አቈጣጠር ከፍሎሬንስ በላይ ባለ ባርቢያና በሚባል ተራራማ መንደር ተመደበ። በዚያም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወድቀው ለቀሩ የገበሬና የእረኛ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። የዚህ ትምህርት ቤት ደንብ ለኛ ጆሮ እንግዳ ነው። ያልገባው ልጅ ካለ ሌሎቹ ወደፊት አይሄዱም፤ የሚቀድመው ሰነፉ ነው። ከትምህርቱም ሁሉ በላይ የተያዘው ቋንቋ ነበር፤ ድኻን ከባለጠጋ የሚለየው ቃል ማጣቱ ነው የሚል እምነት ነበራቸውና። በ1967 ከተማሪዎቹ ስምንቱ ተባብረው «ደብዳቤ ለአንዲት መምህርት» የተባለ መጽሐፍ አወጡ። በመጽሐፉ ውስጥ በኢጣልያ ትምህርት ቤት የሚወድቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ በቍጥር አሳዩ፤ የሚወድቀው የገበሬ ልጅ ነበር። ቄሱ በዚያው ዓመት ሞተ። መንደርተኞቹ ልጆች ግን ራሳቸው ሰንጠረዥ ሠርተው፣ ቍጥር ደምረው አገራቸውን አነጋገሩ። ይህ ነው እንግዲህ ሒሳብና ቋንቋ ተማርን ማለት።

አሁን ከባዱን ነገር እናንሣ። በዋግ ኽምራ ኽምጣና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ተደርጓል፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ መንገዱን ከፍቶለታል። ሆኖም አንድ የኽምራ አባት ተነሥቶ «ልጄ በኽምጣና ተምሮ የት ይደርሳል? ፍርድ ቤቱ በአማርኛ፣ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ፤ እናንተ ልጄን በገደሉ ውስጥ ልታስቀሩት ነው» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ይህ አባት ሞኝ አይደለም። ከብዙ ባለሥልጣን ይልቅ የሥራ ገበያውን ያውቃል። የኽምጣናውን መርሐ ግብር ያረቀቀው ሹም የገዛ ልጁን በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት እንዳስገባ ቢሰማማ ጥርጣሬው የባሰ ይሆናል፤ የሚያስጠረጥርም ነው።

የኛ መልስ ይህ ነው። የሚጀመርበት ቋንቋና የሚደረስበት ቋንቋ ሁለት ነገሮች ናቸው። ኽምጣና በዚሁ በኛው ፊደል ይጻፋል። ልጁ በሚሰማው ቋንቋ «ይህ ፊደል ይህ ድምፅ ነው፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ ይህ ቃል ነው» የሚለውን ምስጢር አንድ ጊዜ ከያዘ፣ ያንኑ ፊደል ይዞ አማርኛውን ለማንበብ አዲስ ምስጢር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የአማርኛ ቃላት ናቸው። የቄስ ተማሪም በግእዝ ፊደል ቈጥሮ የአማርኛ ደብዳቤ ሲያነብ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። በማይሰማው ቋንቋ የጀመረው ልጅ ግን ፊደሉንም ቃሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚጫንበት ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ስለዚህ በአምደወርቅ ከተማ አማርኛ እየተናገረ ያደገው ልጅ በአማርኛ፣ በኽምጣና ያደገው በኽምጣና ይጀምር፤ አማርኛው ለኽምጣና ተናጋሪው ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ በአፍ ንግግር ይሰጠው፤ እንግሊዝኛውም በደንብ በሠለጠነ መምህር እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ እንጂ ንባብ መጀመሪያ አይሁን። ለአባትየው በቃል መንገር ግን አይበቃም። ልጁ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ገጽ አንብቦ ሲያሳየው ያምናል፤ ካላሳየው የማያምንበት ምክንያት አለው።

መምህሩስ? ላሳል ለገጠር ትምህርት ቤት የሚላኩ መምህራን የሚሠለጥኑበት ቤት በ1680ዎቹ ከፍቶ ነበር፤ የራሱ ማኅበርተኞችም ብቻቸውን አይላኩም ነበር። ሁለትና ሦስት እየሆኑ አብረው ይኖራሉ። ይህን ያነሣነው መነኵሴ ሁኑ ለማለት አይደለም። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ከኮሌጅ እንደ ወጣ፣ ብቻውን፣ ቤት ሳይሰጠው፣ ደመወዙ በወቅቱ ሳይደርሰው፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ወዳለ ቀበሌ ሲላክ በመጀመሪያው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ እንደሚጽፍ ሁላችንም እናውቃለን። ጓደኞቻችን ሲጽፉ አይተናል፤ ማመልከቻውም ከትምህርት ዝግጅቱ የበለጠ ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው። ሦስት መምህራን በአንድ ላይ ተመድበው የቀበሌው ሕዝብ ሁለት ክፍል ቤት ቢሠራላቸው ግን ማታ የሚያወሩት ሰው ያገኛሉ፤ ከሚያወሩትም ጥቂቱ ስለ ትምህርት ይሆናል።

የማንወስደውም አለ። ዱላውን አንወስድም። የላሳል መመሪያ ቅጣትን ቢወስንም አልከለከለም፤ የኛም የቄስ ትምህርት ቤት ልምጭና ኵርኵም ለትምህርቱ ምን እንዳተረፈ የሚያስረዳን አላገኘንም። ልጆችን በመግቢያ ፈተና መርጦ መቀበልንም፣ ከፍ ያለውን ክፍያም አንወስድም። ከእንግሊዝኛው ዝና የምንወስደው የለም።

በመጨረሻ ለናንተ በየወረዳው ለተመደባችሁ ወጣት ሠራተኞች አንዲት ጥያቄ አለን። ለጕብኝት ወደ አንድ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ርእሰ መምህሩ የሚያቀርብላችሁን የተመዝጋቢ ቍጥር ከመቀበላችሁ በፊት ወደ ሁለተኛ ክፍል ግቡ። ከመጨረሻው ወንበር ዐሥር ልጆች አስነሡና፣ በቃል ሊያጠኑት ያልቻሉትን ገጽ ስጧቸው። በሚናገሩት ቋንቋ ስንቱ አነበበ? ያነበበውስ ምን ማለት እንደ ሆነ ስንቱ ነገራችሁ? ያንን ቍጥር ጻፉና ቀኑን አኑሩበት። ከዚያ ደግሞ ዐሥሩ ልጆች ስንት መጽሐፍ እንዳላቸው ቍጠሩ። አምስት ብቻ ከሆነ፣ ቀሪው አምስት ከሰቈጣ አምደወርቅ፣ ከአምደወርቅም እዚያ ቀበሌ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅና በየትኛው በቅሎ እንደሚደርስ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ።